ሽማግሌ ተልኮ ወይስ ሳይላክ?



ወደ ክሊኒክ ስትመጡ በካርዳችሁ ላይ «ያገባች» ወይም «ያላገባች» የሚል ቦታ እንሞላለን። ጥያቄው ቀላል ቢመስልም ብዙዎቻችሁ ከመመለሳችሁ በፊት እርስ በርስ ትተያያላችሁ። አንዱ «ተጋብተናል» ሲል ሌላዋ «ኧረ ገና ሽማግሌ አልሄደም» ትላለች። ሁለት ልጆች ይዘው መጥተው «አብረን ነው የምንኖረው» የሚሉም አሉ። የምንጠይቀው ለመፍረድ አይደለም። ትዳሩ የተጀመረበት መንገድ ስለ ወሊድ፣ ስለ ምርመራና ስለ ልጆች ቁጥር በቤታችሁ ውስጥ ማን ቃል እንዳለው ብዙውን ጊዜ ስለሚያሳየን ነው።

በጋሞ ደጋ፣ በጨንቻም ሆነ በዶርዜ፣ በቦንኬም ሆነ በዲታ፣ ወላጆቻችን የሚያከብሩት ጋብቻ በሽማግሌ የሚጀመረው ነው። የልጁ ወገን የተከበሩ ሰዎችን መርጦ ይልካል። የልጅቷ ወገን ደግሞ ፈጥኖ እሺ አይልም፤ ልጅን ማርከስ ይመስላልና። በዚህ መሐል የሁለቱ ጎሳ ይጣራል፤ በአንድ ጎሳ ውስጥ መጋባት ነውር ነው። ጊዜውም የታወቀ ነው። ዓመቱን ሙሉ በአዲስ አበባ፣ በሽሮ ሜዳ ሲሸምን የቆየው ሰው ለመስቀል ያጠራቀመውን ይዞ ወደ አገሩ ስለሚመለስ የትዳር ነገር በዚያው ይነሣል። በዓመቱ የተዳረችው ሙሽራም ፀጉሯ በቅቤ ርሶ፣ አምራና አጊጣ ገበያ ትወጣለች። ይህ «ሶፌ» የሚባለው ሥርዓት ነው። ገበያተኛው ሁሉ አይቷታልና የእገሌ ሚስት መሆኗን የሚክድ አይኖርም። ወረቀት ባልነበረበት ዘመን ይህ ለሴቲቱ ትልቅ ዋስትና ነበር፤ እኔ እንደ ጌጥ ብቻ አላየውም።

ሆኖም አንድ የሚጎድል ነገር ነበረው። ሽማግሌዎቹ የሚጠይቁት አባትየውን ነው። ልጅቷ ጓዳ ሆና የምትሰማው መልሱን ነው። አስተዋይ አባት ቀድሞ «ትወጂዋለሽ ወይ?» ይላል፤ አስተዋይ ያልሆነው አይልም። ሕጉ ግን ዛሬ የሚፈልገው የእሷንና የእሱን እሺታ ነው። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት ጋብቻ በተጋቢዎቹ ነፃና ሙሉ ፈቃድ ብቻ እንዲመሠረት ይደነግጋል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ እንድታገባ ይፈቅድ ነበር፤ በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ግን ለሴትም ለወንድም 18 ዓመት አድርጎታል። ጋብቻው በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት ወይም በባህል ቢፈጸም ዕድሜውና ፈቃዱ ለሦስቱም ይሠራል።

ሽማግሌ ሳይላክ የሚጀመረውም ጋብቻ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ሁለቱ ተዋደው፣ ቤተሰብ እንደማይፈቅድ ሲያውቁ ተያይዘው የሚጠፉ አሉ። አንዱ ምክንያት ድግስና ጥሎሽ ኪስ መጉዳቱ ነው። ሌላውና ከባዱ፣ ሸክላ ከሚሠሩና ቆዳ ከሚያለፉ ቤተሰቦች ጋር መጋባት በልማድ የተከለከለ ሆኖ መኖሩ ነው። ድስቱን ገዝቶ ወጥ ሠርቶ እየበሉ ድስቱን የሠራችውን እናት ልጅ አላገባም ማለት ለእኔ ፈጽሞ አይገባኝም።

ጠለፋ ግን ከዚህ ጋር የሚቆጠር አይደለም። «ወድዳ ነው የሄደችው» የሚለው ወሬ ብዙ ጊዜ የጠላፊው ወገን ወሬ ነው። የቀድሞው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባ ከቅጣት የሚያመልጥበት በር ነበረው። በ1980ዎቹ መጨረሻ በአርሲ፣ በአሰላ አካባቢ የተጠለፈችው የ14 ዓመቷ አበራሽ በቀለ ስታመልጥ ጠላፊዋን በጥይት ገድላ በሰው መግደል ተከሰሰች፤ ፍርድ ቤቱ ራሷን ስትከላከል ያደረገችው ነው ብሎ በነፃ አሰናበታት። በ2006 ዓ.ም. የታየው «ድፍረት» የተሰኘው ፊልም የተሠራው በዚህ ታሪክ ነው። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የወንጀል ሕግ ጠላፊን ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል፤ በኋላ መጋባታቸውም ከቅጣት አያድነውም። የጋሞ ሽማግሌ እርጥብ ሳር ይዞ ሲንበረከክ የተቆጣ ሕዝብ እንደሚበርድ በመስከረም 2011 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ ታይቷል። ልጅቷ ያልሰጠችውን እሺታ ግን ሽማግሌ ሊሰጥላት አይችልም። ተጠልፋ የተደፈረች ልጅ ብታውቁ ገላዋን ሳትታጠብ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም አምጧት። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። እርግዝናን የሚከላከለው ድንገተኛ መድኃኒት እስከ 5 ቀን ሊሰጥ ይችላል፤ በፈጠነ ቁጥር ግን ይሻላል።

አሁን ወደ ከተማችን እንምጣ። በሲቀላም ሆነ በሴቻ አብዛኛው የዛሬ ትዳር ከላይ ከተነገሩት አንዱንም አይመስልም። ተማሪው፣ የመንግሥት ሠራተኛው፣ የሙዝ ነጋዴው፣ የባጃጅ ሾፌሩ ይተዋወቃሉ፤ የቤት ኪራይ ይወደዳል፤ ልብሷን በትንሹ በትንሹ ታመጣለች፤ አንድ ቀን ሲያዩት አብረው ናቸው። «ታገቢኛለሽ?» ያለ የለም፤ «እሺ» ያለችም የለችም። ወይም የወር አበባ ይቀራል፤ ከዚያ ሽማግሌ በጥድፊያ ይላካል። ፍቅራቸው ያነሰ ነው አልልም፤ ደስ የሚል ኑሮ የሚኖሩ ብዙ አይቻለሁ። ችግሩ ያ አንዱ ጥያቄ ሳይነሣ ሲቀር ሌሎቹም አብረውት መቅረታቸው ነው። ሽማግሌ ሲላክ ቢያንስ ቀን ይቆረጣል። በብዙ አብያተ ክርስቲያናትም ከጋብቻ በፊት ምክር ይሰጣል፤ የኤችአይቪ ምርመራ ውጤት ይጠየቃል። በዝምታ ለገቡት ግን «ተመርምረሃል ወይ?» የሚል ሦስተኛ ሰው የለም።

ስለዚህ ዛሬ ማታ፣ ልጆች ሲተኙ፣ ተጠያየቁ። ከተጋባችሁ ዐሥር ዓመት ቢሆናችሁም አልረፈደም። ስንት ልጅ ትፈልጋላችሁ? ቀጣዩስ መቼ? ከአንድ ወሊድ በኋላ እንደገና ለማርገዝ ቢያንስ 2 ዓመት መቆየት ለእናትም ለሕፃንም ይበጃል። አማች ከደጋ ወርዳ «ምነው ዝም አላችሁ?» ስትል ማን ይመልስላታል? እኔ መመለስ ያለበት ልጇ ነው እላለሁ፤ ምራት ስትመልስ ጠብ ይሆናል። ከዚያ ሁለታችሁም አብራችሁ ኑ። ክኒኑ በየቀኑ የሚዋጥ ነው፤ መርፌው በየ3 ወሩ ይሰጣል፤ በክንድ የሚቀበረው እንደ ዓይነቱ 3 ወይም 5 ዓመት ያገለግላል፤ ሉፑ ከዚያም በላይ። ማርገዝ ሲያስፈልግ በክንድ ያለውም ሉፑም ይወጣል። ከሁሉም ውስጥ ኤችአይቪንና የአባላዘር በሽታን የሚከላከለው ኮንዶም ብቻ ነው። በክሊኒኩ የኤችአይቪ ምርመራውን አብራችሁ ልታደርጉ፣ ውጤቱንም አብራችሁ ልትሰሙ ትችላላችሁ።

አብራችሁ እየኖራችሁ ወረቀት የሌላችሁ ደግሞ ይህን እወቁ። የፌዴራሉ ሕግ ሳይጋቡ እንደ ባልና ሚስት የሚኖሩትን ያውቃቸዋል፤ አብረው 3 ዓመትና ከዚያ በላይ ከኖሩ በዚያ ጊዜ ያፈሩት ንብረት የጋራ ነው ይላል። ይሁን እንጂ አንዱ ቢሞት ወይም ቢክድ ሌላው ምስክር እያሰባሰበ በፍርድ ቤት መንከራተቱ አይቀርም፤ በከተማ ደግሞ ጎረቤት ቶሎ ቶሎ ይቀየራል። ክልሎች የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ ስለሚያወጡ የእናንተን ጉዳይ በወረዳ ፍርድ ቤት ጠይቁ። የጋብቻ ምዝገባ በ2008 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ ተጀምሯል፤ የሚከናወነውም በቀበሌ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ነው። ስትሄዱ መታወቂያችሁንና ምስክሮቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ።