ጠፍጣፋው እንጨት እንዴት ጀልባ ይሆናል? የካያክ ሰሌዳዎች ልኬትና ጂኦሜትሪ

በብዙ አገሮች ልማድ የእንጨት ጀልባ ሥራ የጥቂት ባለሙያዎች ጥበብ ሆኖ ኖሯል። አስቀድሞ የጀልባው አጽም ይቆማል፤ ቀጥሎም ጣውላዎቹ አንድ በአንድ እየተጠረቡ አጽሙ ላይ ይለበጣሉ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ግን ይህን ቅደም ተከተል የገለበጠ ዘዴ ተስፋፋ። በዚህ ዘዴ የኮምፔንሳቶ ሰሌዳዎች ጠፍጣፋ እንደሆኑ በልካቸው ይቆረጣሉ፤ ጠርዛቸው በመዳብ ሽቦ ይሰፋል፤ ከዚያም መገጣጠሚያው በኤፖክሲ ሙጫና በፋይበርግላስ ጨርቅ ይታሸጋል። እ.ኤ.አ. በ1963 በብሪታንያ ለገበያ የቀረበችውና 3.3 ሜትር የምትረዝመው «ሚረር» የተባለች የሸራ ጀልባ በዚሁ ዘዴ ከ70,000 በላይ ተሠርታለች። ከሠሩዋትም ብዙዎቹ የጀልባ ባለሙያዎች አልነበሩም።

በስፌትና ሙጫ በሚሠራ ካያክ ቅርጹን የሚወስነው አጽም ሳይሆን የሰሌዳው ጠርዝ ነው። ስለዚህም የሥራው እጣ የሚቆረጠው ገና እንጨቱ ወለል ላይ ተዘርግቶ እርሳስ ሲያርፍበት ነው። በዚህ ጽሑፍ የዚህን ምክንያት ከጂኦሜትሪ አንጻር ለማየትና ለልኬቱ ሥራ የሚሰጠውን ትምህርት ለማመልከት እንሞክራለን።

የጋውስ ሕግና ኮምፔንሳቶ

የብርቱካን ልጣጭን ጠረጴዛ ላይ ለመዘርጋት ብንሞክር ይቀደዳል። አሸንዳ ወይም የጭስ መውጫ የሚሠራ የቆርቆሮ ሠራተኛ ግን ጠፍጣፋውን ቆርቆሮ ያለ ምንም ቅድ ይጠቀልለዋል። የሁለቱን ልዩነት ጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ ካርል ፍሬድሪክ ጋውስ እ.ኤ.አ. በ1827 ባቀረበው ሥራ አስረድቷል። በአንድ ገጽ ላይ በሚገኝ ነጥብ ሁለት ዋና ዋና ጥምዘቶች አሉ። ገጹ ሳይለጠጥና ሳይጨማደድ እስከታጠፈ ድረስ የሁለቱ ጥምዘቶች ብዜት አይለወጥም። የጠፍጣፋ ሰሌዳ ብዜት ዜሮ ስለሆነ፣ ሰሌዳው ሲታጠፍ ከሁለቱ አንዱ ጥምዘት የግድ ዜሮ ሆኖ ይቀራል። በሌላ አነጋገር ኮምፔንሳቶ እንደ ቧንቧ ወይም እንደ ሾጣጣ ይታጠፋል እንጂ እንደ ኳስ አይታጠፍም።

ለመታጠፍም ቢሆን ውፍረቱ ወሳኝ ነው። ሰሌዳን ለማጠፍ የሚያስፈልገው ኃይል ከውፍረቱ ሦስተኛ ርቢ ጋር ያድጋል። 6 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ከ4 ሚሊ ሜትሩ በ3.4 እጥፍ ገደማ ይበልጥ ግትር ነው። ብዙ የካያክ ንድፎች 4 ሚሊ ሜትርን የሚመርጡትም ከክብደቱ ባሻገር በዚህ ምክንያት ነው።

የጠርዝ ርዝመት

ሁለት ወረቀቶች ወስደን የእያንዳንዳቸውን አንድ ጠርዝ ወደ ውጭ ባበጠ ቅስት እንቁረጥ። ሁለቱን ቅስቶች ከዳር እስከ ዳር ገጥመን ብናጣብቃቸው ወረቀቶቹ ጠፍጣፋ ሆነው ሊቀመጡ አይችሉም፤ ጎድጉደው ጫፋቸው ወደ ላይ ይነሣል። የካያክ ሆድ የሚወለደው ልክ በዚህ መንገድ ነው።

ይሁን እንጂ የሚሰፉት ሁለት ጠርዞች ርዝመታቸው እኩል መሆን አለበት። ዝቅተኛ ቅስት ከቀጥታው መስመር በምን ያህል እንደሚበልጥ ለመገመት የቅስቱን ከፍታ በራሱ አባዝተን፣ ውጤቱን በ8 አባዝተን፣ ለቀጥታው ርቀት ሦስት እጥፍ እናካፍላለን። ቀጥታው ርቀት 4,800 ሚሊ ሜትር፣ የቅስቱ ከፍታ 100 ሚሊ ሜትር ቢሆን ጠርዙ በ5.6 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። ከፍታው 150 ቢሆን ደግሞ በ12.5 ሚሊ ሜትር። እነዚህን ሁለት ጠርዞች የሚያገናኝ ሰው በንድፉ ላይ የ7 ሚሊ ሜትር ያህል ልዩነትን ካላስተካከለ፣ ስፌቱ ጫፍ ሲደርስ አንዱ ሰሌዳ ከሌላው አልፎ ይወጣል፤ ወይም ደግሞ በግድ ሲሳብ ጀልባው ይጠማዘዛል።

አሠራሩ

የተለመደው የኮምፔንሳቶ ርዝመት 2,440 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ሁለት ቁራጮች መቀጠል አለባቸው። ጫፎቻቸው በ1 ለ8 ተዳፋት ይላጋሉ፤ ለ4 ሚሊ ሜትር እንጨት ይህ 32 ሚሊ ሜትር ነው። የተቀጠለው ሰሌዳ 4,848 ሚሊ ሜትር ይሆናል። አስቀድሞ መቀጠል፣ ቀጥሎ መለካት ይመረጣል። ቅርጹ ተቆርጦ ካለቀ በኋላ በሚደረግ ቅጥያ ላይ የግማሽ ዲግሪ መዛነፍ ቢፈጠር የሰሌዳው ጫፍ ከቦታው 21 ሚሊ ሜትር ይርቃል።

ከዚያም ክር ተወጥሮ ቀጥተኛ የመነሻ መስመር ይሰመራል። በየ300 ሚሊ ሜትሩ 17 ጣቢያዎች ይመለከታሉ። እዚህ ላይ እያንዳንዱን ጣቢያ ከቀደመው መለካት አይገባም። በእያንዳንዱ እርምጃ 1 ሚሊ ሜትር ስሕተት ቢኖርና ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ቢያዘነብሉ በመጨረሻው ጣቢያ 16 ሚሊ ሜትር ይከማቻል። ሁሉም ከአንድ ዜሮ ከተለኩ ግን ስሕተቱ በየቦታው ይቀራል። ቀጥ ያሉት መስመሮች በስኳድራ፣ ለጥንቃቄም በ600፣ 800 እና 1,000 ሚሊ ሜትር ሦስት ማዕዘን ይረጋገጣሉ።

በየጣቢያው በንድፉ የተሰጠው ርቀት ተለክቶ ትንሽ ምስማር ይመታል። ነጥቦቹ የሚገናኙት በማስመሪያ ሳይሆን ጉጥ በሌለው ቀጭን ተጣጣፊ እንጨት ነው። በምስማሮቹ ላይ የተደገፈ እንጨት በተፈጥሮው የመታጠፍ ኃይሉን ዝቅተኛ የሚያደርገውን መስመር ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ1946 ሾንበርግ «ስፕላይን» የሚለውን ቃል ወደ ሒሳብ ያስገባው ከዚሁ የነዳፊዎች መሣሪያ ወስዶ ነው። አንድ ምስማር እንጨቱን ያለ ቅጥ ካበጠው አብዛኛውን ጊዜ የተሳሳተው ቁጥሩ ወይም ልኬቱ ነው። ስለዚህ ዓይንን ከእንጨቱ ጫፍ ጋር አስተካክሎ መመልከት ከሜትር የማያንስ መመርመሪያ ነው።

ከትክክለኛነት በፊት ተመጣጣኝነት

ካያክ ግራና ቀኝ አለው። የቀኙ ሰሌዳ በ3 ሚሊ ሜትር ቢሰፋና የግራው ባይሰፋ፣ ውኃው በሁለቱ ጎኖች ላይ የሚያሳርፈው ግፊት እኩል አይሆንም፤ ጀልባውም ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል። ቀዛፊው ያለማቋረጥ ለማረም ይገደዳል። በሰፊ ሐይቅ ላይ ነፋስ ሲነሣ ይህ ድካም አደጋ ሊሆን ይችላል። ሁለቱም በ3 ሚሊ ሜትር ቢሰፉ ግን ጀልባው ከንድፉ ጥቂት ይለያል እንጂ ቀጥ ብሎ ይሄዳል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ሁለቱን ኮምፔንሳቶዎች ደርቦ በብሎን ማሰር፣ ከመስመሩ 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ በመጋዝ መቁረጥ፣ ከዚያም ሁለቱን በአንድ ላይ እስከ መስመሩ ድረስ በመላጊያ መላግ። እንደ መጽሐፍ ሲገለጡ አንዱ የሌላው የመስተዋት ምስል ይሆናል። ከተሰፉም በኋላ ኤፖክሲ ከመግባቱ በፊት ሁለት ቀጥ ያሉ እንጨቶች በጀልባው ፊትና ኋላ አግድም ይቀመጣሉ፤ ከኋላ ሲታዩ ትይዩ ካልሆኑ ጀልባው ተጠማዟል ማለት ነው። ሽቦው በዚህ ጊዜ ሊላላ ይችላል፤ ኤፖክሲው ከደረቀ በኋላ ግን ማረሚያ የለም።

ማጠቃለያ

ይህን ለመሞከር የሚሻ አንባቢ በ1 ለ10 ልክ፣ ማለትም በ480 ሚሊ ሜትር ካርቶን ቢጀምር ጥቂት ሰዓት ብቻ ያጠፋል። በእውነተኛው እንጨት ላይ የሚታየው ችግር ሁሉ ማለት ይቻላል በካርቶኑ ላይ ይታያል። ወደ ትልቁ ሥራ የሚሸጋገር ደግሞ ኤፖክሲን በጓንትና አየር በሚዘዋወርበት ቦታ ይያዝ፤ የተጠናቀቀውንም ጀልባ የሕይወት አድን ጃኬት ለብሶ ጥልቀት በሌለው ውኃ ይፈትሽ። የጋውስ ሕግ ለኮምፔንሳቶ የሚፈቅደው ጥቂት ነው፤ የሚፈቅደውን ግን በትክክል ለለካ ሰው ጠፍጣፋው እንጨት ቅርጹን ራሱ ያገኛል።