ከሞተር ሆም ኋላ የሚጎተት መኪና ከመጠን በላይ መሞቅ፦ የመንስኤ ልየታ ቅደም ተከተል

መግቢያ

በሰሜን አሜሪካ በሞተር ሆም፣ ማለትም መኖሪያ ክፍል ባለው ተሽከርካሪ የሚጓዙ ሰዎች፣ ካረፉበት ቦታ ለአጭር ጉዞ የሚገለገሉበትን ትንሽ መኪና ከኋላ አስረው መጎተታቸው የተለመደ ነው። መኪናው ሞተሩ ጠፍቶ በአራቱም ጎማዎቹ እየተሽከረከረ ይከተላል። ይህ መኪና ከመጠን በላይ ሲሞቅ ራዲያተሩንና የውኃ ፓምፑን ወዲያው መጠርጠር ቀላል ነው። ይሁን እንጂ የጠፋ ሞተር ነዳጅ አያቃጥልም። ስለሆነም ልየታው «ሙቀቱ የተፈጠረው በመጎተት ላይ ነው ወይስ መኪናው ተፈትቶ በራሱ ሞተር መሄድ ከጀመረ በኋላ?» ከሚለው ጥያቄ ሊነሣ ይገባል።

በመጎተት ላይ የሚፈጠር ሙቀት

የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ፍሬን ነው። በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር በሚደረግ ጉዞ፣ በአንድ ጎማ ላይ 100 ኒውተን ብቻ የሚይዝ ፍሬን 2,500 ዋት ሙቀት ያመነጫል። ሙቀቱ መውጫ ባያገኝ 7 ኪሎ ግራም የሚመዝነው የፍሬን ዲስክ በየደቂቃው ከ45 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ይሞቃል። ይህ ኃይል ግን ወደ 10 ኪሎ ግራም ከሚጠጋ ክብደት ጋር እኩል በመሆኑ፣ ብዙ ቶን የሚመዝነውን ሞተር ሆም የሚያሽከረክረው ሰው ልዩነቱ አይሰማውም። አደጋው የሚመነጨውም ከዚህ ስውርነት ነው። እርጥበት የሳበ ዶት 3 የፍሬን ዘይት በ140 ዲግሪ ገደማ ሊፈላ ይችላል፤ የፈላ ዘይት ደግሞ ፍሬኑን ያሳጣል። ሙቀቱ ከቀጠለም ጎማው ሊቀጣጠል ይችላል።

የሙቀቱ ሥርጭት መንስኤውን ይጠቁማል። አራቱም ጎማዎች ከሞቁ፣ የፍሬን ፔዳሉን የሚጫነው ረዳት መሣሪያ ሙሉ በሙሉ አለመልቀቁ ይጠረጠራል። የኋላ ሁለቱ ብቻ ከሞቁ የእጅ ፍሬኑ ይፈተሻል። አንድ ጎማ ብቻ ከሞቀ የዚያ ጎማ ፍሬን መጣበቁ ወይም ኩሽኔታው መበላሸቱ ይመረመራል።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ የማርሽ ሳጥኑ ነው። በብዙ አውቶማቲክ መኪኖች የማርሽ ሳጥኑን ዘይት የሚያሰራጨው ፓምፕ የሚዞረው በሞተሩ ነው፤ ሞተሩ ሲጠፋ ጎማዎቹ የሚያዞሯቸው ክፍሎች ያለ በቂ ቅባት ይፋተጋሉ። በመሆኑም አንዳንድ መኪኖች በአራት ጎማቸው እንዲጎተቱ አምራቹ ፈጽሞ አይፈቅድም፤ ለሌሎች ደግሞ የፍጥነት ገደብ ወይም ሞተሩን በየጊዜው ቆሞ የማስነሣት ግዴታ ይጥላል።

በእጅ ማርሽ መኪና ላይ ማርሽ ሳይወጣ መጎተት የከፋ ጉዳት ያስከትላል። የጎማው ዙሪያ 2 ሜትር ቢሆን በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በደቂቃ 750 ጊዜ ይዞራል። የዲፈረንሻሉ ምጥጥን 4፣ የአንደኛ ማርሹ 3.5 ከሆነ ሞተሩ በደቂቃ 10,500 ዙር እንዲዞር ይገደዳል። ይህ ከአብዛኞቹ የቤት መኪና ሞተሮች የዙር ገደብ እጅግ ያለፈ ነው።

ከተፈታ በኋላ የሚታይ ሙቀት

ጎማዎቹና የማርሽ ሳጥኑ ደኅና ሆነው ሞተሩ በራሱ ሲሄድ ብቻ የሚሞቅ ከሆነ ምርመራው ወደ ማቀዝቀዣው ይዞራል። በዚህም ጊዜ ቢሆን የመጎተቱ ታሪክ መዘንጋት የለበትም። የናፍጣ ሞተራቸው ከኋላ የሆነ ሞተር ሆሞች በሞተሩ መተንፈሻ ቱቦ የሚያወጡት የዘይት ጉም ከአቧራ ጋር ተቀላቅሎ የተጎታቹን ራዲያተር ሊሸፍን ይችላል። ከድንጋይ ለመከላከል ከፊት የሚታሰር ሸራም ሳይነሣ ከቀረ አየር ያግዳል። ቴርሞስታትና የውኃ ፓምፕ ከመቀየራቸው በፊት እነዚህ ሁለቱ መታየት አለባቸው።

ማጠቃለያ

ጊዜው ምንጩን፣ ቦታው ክፍሉን ይለያል። ለዚህም ጉዞ በተጀመረ በጥቂት ኪሎ ሜትሮች ውስጥ ፍሬን ብዙ ሳይያዝ ቆሞ፣ የአራቱን ጎማዎች መሐል በኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር መለካትና ግራውን ከቀኝ ማነጻጸር ይበቃል። ከመነሣት በፊት ደግሞ የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ስለ መጎተት የሚለው ሊነበብ ይገባል፤ መመሪያው የሚከለክለውን መጎተት የትኛውም ጥገና ሊያስተካክለው አይችልምና።