ትምህርት፦ በኤፒአይ የሚታይ የክሪፕቶ ባላንስ እንዴት ይነበባል?

ዛሬ የዋጋ ሰንጠረዥ የለም፣ ትምህርት ነው። ትንሽ ይረዝማል፤ ኤክስፖርት የምታደርጉና የዩኒየን ሂሳብ የምትይዙ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡት።

እንበልና ጎንደር ላይ ሁለት ኮንቴይነር ሰሊጥ አበጥራችሁ አዘጋጅታችኋል። ከውጭ አዲስ ገዢ ይመጣና «ኤልሲ መክፈት ጊዜ ይፈጃል፤ ሙሉ ክፍያውን በዩኤስዲቲ ከስተዲ አካውንት ውስጥ አስቀምጫለሁ። ይኸው የኤፒአይ ቁልፉና ሊንኩ፤ ባላንሱን ራሳችሁ እያያችሁ ጫኑ» ይላችኋል። ስትከፍቱት እውነትም ቁጥሩ አለ። ግን ይሄ ቁጥር ምኑን ነው ያረጋገጠላችሁ?

ከስተዲ ማለት አደራ ማስቀመጥ ነው። የዋሌቱን ሚስጥራዊ ቁልፍ የሚይዘው ባለገንዘቡ ሳይሆን አደራ ተቀባዩ ድርጅት ነው። ኤፒአይ ደግሞ የድርጅቱን መዝገብ በኮምፒውተር በኩል ጠይቆ መልስ የሚያመጣ መንገድ ነው። ስለዚህ የምታነቡት ድርጅቱ ስለራሱ መዝገብ የሰጠውን ቃል ነው። መጋዘኑ ውስጥ ገብታችሁ ጆንያ አልቆጠራችሁም።

በምርት ገበያ የሠራችሁ ይሄን ታውቁታላችሁ። ሰሊጡ መጋዘን ሲደርስ ናሙና ይወሰዳል፣ ደረጃ ይወጣለታል፣ ይመዘናል፣ ከዚያ ነው የመጋዘን ደረሰኝ የሚኖራችሁ። ገዢውም መጀመሪያ ፔይ ኢን አካውንቱ ውስጥ ገንዘብ ማስገባት አለበት፤ ገንዘቡ መኖሩን የሚያረጋግጠው ባንኩና ገበያው እንጂ ገዢው አይደለም። ከላይ ባለው ምሳሌ ግን ማረጋገጫውን ያቀበላችሁ ራሱ ገዢው ነው። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

«ትልቅ ድርጅት ነው፣ አይዋሽም» ለሚል ኤፍቲኤክስን ማየት ይበቃል። በዓለም ከትልልቆቹ የክሪፕቶ ገበያዎች አንዱ ነበር፤ ኅዳር 2015 ዓ.ም. ኪሳራ አወጀ። ደንበኞች ስልካቸው ላይ ባላንሳቸው ሙሉ ሆኖ ይታያቸው ነበር፤ ከኋላ ግን 8 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የለም። በፍርድ ቤት ከተመሰከሩት ሁለት ነገሮች ለኛ ትምህርት ይጠቅማሉ። አንደኛ፣ የባለቤቱ እህት ድርጅት አካውንት ከዜሮ በታች እንዲወርድ በሶፍትዌሩ ውስጥ ለብቻው ተፈቅዶለት ነበር። ሁለተኛው ይብሳል፤ ድርጅቱ የመድን ፈንድ አለኝ ብሎ ለሕዝብ ያሳየው የነበረው ቁጥር ከእውነተኛ ሂሳብ የመጣ ሳይሆን የቀኑን ግብይት በዘፈቀደ ቁጥር እያባዛ ሶፍትዌሩ የሚያወጣው ነበር። መሥራቹ መጋቢት 2016 ዓ.ም. 25 ዓመት ተፈርዶበታል።

ወደ መልሱ አነባበብ እንምጣ። መጀመሪያ የሚታየው የመጣው ቁጥር ሳይሆን ጥያቄው የሄደበት አድራሻ ነው። ሊንኩ የድርጅቱ ነው ወይስ ስሙን የሚመስል? ገዢው ራሱ ሰርቨር ከፍቶ ደስ ያለውን ቁጥር እንዲመልስ ማድረግ ለአንድ ጎበዝ ልጅ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። የድርጅቱን አድራሻ ራሳችሁ ፈልጋችሁ አግኙ፤ ከገዢው የመጣውን ተዉት።

አድራሻው ትክክል ከሆነ መልሱ ውስጥ ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ ቁጥር ታገኛላችሁ፦ ጠቅላላ፣ ሊንቀሳቀስ የሚችል፣ የታገደ። ለሌላ ብድር መያዣ የሆነ ገንዘብ ጠቅላላው ላይ ይታያል፤ ሊንቀሳቀስ በሚችለው ላይ ግን የለም። ሰው የሚልክላችሁ ስክሪንሾት ደግሞ ሁሌ ጠቅላላው ነው!

ዜሮዎቹንም ቁጠሩ። አንዳንድ ኤፒአይ ገንዘቡን በትንሿ መለኪያ ነው የሚጽፈው። በትሮን መረብ ላይ ያለ ዩኤስዲቲ 6 የነጥብ ቤት አለው፤ ስለዚህ 40,000,000,000 የሚል መልስ 40,000 ዩኤስዲቲ ማለት ነው። በቢኤንቢ መረብ ላይ ያለው ግን 18 ቤት ነው፤ ያው ቁጥር እዚያ የአንድ ሳንቲም ቅንጣት እንኳ አይሞላም። ደግሞም ማንም ሰው «ዩኤስዲቲ» የሚል ስም ያለው ቶክን መፍጠር ይችላል። እውነተኛውን የሚለየው የኮንትራት አድራሻው እንጂ ስሙ አይደለም። መልሱ ከሙከራ መረብ ከመጣም ገንዘቡ ልምምድ ነው፣ ዋጋ የለውም።

«በብሎክቼይኑ ላይ እናየዋለን» የሚሉም አሉ። የዋሌት አድራሻ ከተሰጣችሁ በትሮንስካን ወይም በኢተርስካን ማየት ጥሩ ነው። ግን ብዙ አደራ ተቀባዮች የደንበኞችን ገንዘብ ቀላቅለው ነው የሚያስቀምጡት። የብዙ ገበሬ ገብስ አንድ ጎተራ ውስጥ እንደገባ ቁጠሩት፤ የጎተራው መጠን ይታያል፣ የዳባቱ የማን፣ የደባርቁ የማን እንደሆነ የሚያውቀው መዝገቡ ብቻ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ለላኪ ወሳኙ ይሄ ነው፦ ባላንሱ እውነት ቢሆንስ? ብሔራዊ ባንክ በክሪፕቶ መገበያየት ሕገ ወጥ መሆኑን በ2014 ዓ.ም. አስታውቋል። «ኤሌክትሪክ ኃይል ለቢትኮይን አምራቾች መብራት ይሸጥ የለ እንዴ?» ትሉ ይሆናል። ይሸጣል፤ መብራት መሸጥና የኤክስፖርት ገቢ በክሪፕቶ መቀበል ግን አንድ አይደሉም። የኤክስፖርት ፐርሚታችሁ የሚወራረደው ባንክ በገባ የውጭ ምንዛሪ ነው። ዩኤስዲቲ ዱባይ ባለ ዘመድ ዋሌት ቢገባ ባንካችሁ ዘንድ ሰሊጡ ሄዶ ገንዘቡ ያልመጣ ላኪ ናችሁ። በሐምሌ 2016ቱ ማሻሻያ ላኪ ከገቢው ግማሹን በውጭ ምንዛሪ ሂሳቡ እንዲያቆይ ተፈቅዶ ነበር፤ ይሄም የሚሠራው በባንክ ለመጣ ዶላር ነው።

ዩኒየን ከሆናችሁ ደግሞ የራሳችሁን ማንኛውንም የኤፒአይ ቁልፍ በቴሌግራም አትላኩ። ቁልፍ ለማየት ብቻ ሊሰጥ ይችላል፣ ለማዘዋወርም ሊሰጥ ይችላል፤ ሲታይ ያው የፊደልና የቁጥር ዝርዝር ነው፣ የቱ እንደሆነ አያስታውቅም።

ለገዢው የሚሰጠው መልስ አጭር ነው፦ «ገንዘቡ ካለህ ወደ ዶላር ቀይረህ በባንክ አድቫንስ ላክ፣ ወይም ኤልሲ ክፈት።» እምቢ ካለ ኮንቴይነሩ ጎንደር ይቆይ።