ጋዝ በፈሳሽ ላይ ሲነፍስ፦ ከዘይት ቧንቧ እስከ ሳንባ

በኾበር የባሕር ዳርቻ ሻማል የሚባለው የሰሜን ምዕራብ ነፋስ ሲነሳ፣ ለጥ ብሎ የተኛው ውሃ መጀመሪያ ይሸበሸባል፤ ነፋሱ ሲበረታ ሞገድ ይሆናል፤ በመጨረሻም የሞገዱ ጫፍ እየተበጠሰ ጠብታ ይረጫል። ከውሃው በላይ ሰማይ መሆኑ ቀርቶ ጣሪያ ቢኖርስ? ጥያቄው የመሐንዲሶች ብቻ ቢመስልም እኛንም የሕክምና ተማሪዎችን ይመለከታል።

1. በቧንቧ ውስጥ

ደማም ቁጥር 7 የተባለው ጉድጓድ እ.ኤ.አ. በ1938 ዘይት በብዛት ካፈለቀ ወዲህ የዚህ አካባቢ ኑሮ ከቧንቧ ጋር ተሳስሯል። ድፍድፍ ዘይት ከምድር ሲወጣ ግፊቱ ስለሚቀንስ በውስጡ የሟሟው ጋዝ ይለያል። በአግድም ቧንቧ ዘይቱ ከታች፣ ጋዙ ከላይ ይጓዛል። ጋዙ ሲፈጥን ሞገድ ይነሳል። በሞገዱ ጫፍና በጣሪያው መካከል መተላለፊያው ስለሚጠብ ጋዙ እዚያ ይበልጥ ይፈጥናል፤ ግፊቱም ስለሚቀንስ ሞገዱ ወደ ላይ ይሳባል። የመሬት ስበት ካሸነፈ ሞገዱ ተመልሶ ይተኛል፤ ጋዙ ካሸነፈ ግን ፈሳሹ ቧንቧውን ይደፍንና በጋዙ እየተገፋ መታጠፊያዎችን እንደ መዶሻ ይመታል። የዚህን ሐሳብ መሠረት የጣሉት ሄልምሆልትዝ በ1868፣ ኬልቪን በ1871 ናቸው።

2. በሳንባ ውስጥ

የአየር መተላለፊያችንም ግድግዳው በፈሳሽ የተለበጠ ቧንቧ ነው። በጤነኛ ሰው ልባዱ እጅግ ስስ ስለሆነ ፀጉር መሰል ጥቃቅን አካላት ጠርገው ያወጡታል። በብሮንካይትስ ወይም በሳንባ ምች ጊዜ አክታው ሲበዛ ግን ዋናው ጠራጊ ሳል ነው። በጥልቅ የተሳበው አየር ታፍኖ በድንገት ሲለቀቅ አክታውን እያሞገደ ወደ ላይ ይገፋዋል። እዚህ የሚቃወመው ኃይል በዋናነት ስበት አይደለም፤ የአክታው ዝልግልግነት ነው። ከተበጠሰው ፈሳሽ የሚረጩት ጥቃቅን ጠብታዎች ደግሞ የሳንባ ነቀርሳን ወደ ሌላው ያሻግራሉ።

3. ከዚህ ምን እንማራለን?

በልምምድ ላይ ሳለን አንድ የአገራችን ሰው ከሆድ ቀዶ ሕክምና በኋላ ቁስሉን ፈርቶ ሳሉን ሲያፍን አገኘን። በአረብኛ የተሰጠው ምክር አልገባውም ነበር። ትንሽ አየር ሞገድ አያነሳም፤ ሞገድ ከሌለ አክታው እዚያው ይቀራል፣ ሳንባው ይታመማል። ቁስሉን በትራስ ደግፎ በጥልቅ እንዲተነፍስና እንዲስል በአማርኛ አስረዳነው፤ አደረገውም።

እንግዲህ አክታ ያለውን ሳል ለማፈን አንቸኩል። ስንስል አፋችንን እንሸፍን። ሳሉ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆየ አክታችንን እናስመርምር።