ተስፋ የተጣለበት ልጅ
ስለ ምዘና ከእግር ኳስ ሜዳ የተወሰደ ትምህርት

ስለ ተማሪ ምዘና ስንማር ብዙዎቻችንን የሚያስቸግረን አንድ ቦታ አለ። ይኸውም ልጁ ዛሬ የሚችለውን መለካትና ነገ የሚደርስበትን መተንበይ የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸው ነው። በደብተር ላይ ሲነበብ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን እሑድ ማታ በመኝታ ክፍሎቻችን የሚደረገውን የኳስ ክርክር ያዳመጠ ሰው ሁለቱ ሥራዎች እንዴት እንደሚደባለቁ ወዲያው ይረዳዋል። ስለዚህ ለዚህ ጽሑፍ ምሳሌ አድርጌ የመረጥኩት እንግሊዛዊውን የመሐል ሜዳ ተጫዋች ጃክ ዊልሼርን ነው። አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ላሳውቅ፤ እኔ አርሰናል ነኝ። የማንቸስተር ቲፎዞዎች ይህን አውቃችሁ አንብቡ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ክርክሩ ሁልጊዜ የሚነሣው በአንድ ጥያቄ ነው፤ «ዊልሼር የተባለለትን ሆነ ወይስ አልሆነም?» አንዱ «አልሆነም፣ ባክኖ ቀረ» ይላል። ሌላው «እግሩን ሰበሩት እንጂ!» ብሎ ይጮሃል። ሦስተኛው «ቬንገር ነው በልጅነቱ ያደከመው» ይላል። መብራት እስኪጠፋ ድረስ ይህ ይቀጥላል፤ ማንም ማንንም አያሳምንም። የማይግባቡት መረጃ አጥተው አይደለም፤ ውጤቱንም ዓመቱንም ሁሉም በቃሉ ያውቃል። ነገሩ የሚበላሸው እያንዳንዱ የያዘው ሜትር የተለያየ በመሆኑና ማንም የራሱን ሜትር አውጥቶ ባለማሳየቱ ነው።

እስቲ ታሪኩን በአጭሩ እንየው። ዊልሼር ጃንዋሪ 1 ቀን 1992 ስቲቭኔጅ በተባለች ከተማ ተወለደ። በሉተን ታውን የልጆች ቡድን ውስጥ ከቆየ በኋላ በ2001፣ በዘጠኝ ዓመቱ፣ ወደ አርሰናል አካዳሚ ገባ። ሴፕቴምበር 13 ቀን 2008 ብላክበርን ላይ ቫን ፔርሲን ተክቶ ወደ ሜዳ ሲገባ 16 ዓመት ከ256 ቀኑ ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ በሊግ ጨዋታ ለአርሰናል ከእርሱ ያነሰ ልጅ ተሰልፎ አያውቅም። በ2009 የአርሰናል ወጣቶች ሊቨርፑልን በሁለት የፍጻሜ ጨዋታዎች ድምር 6 ለ 2 አሸንፈው የኤፍ ኤ የወጣቶችን ዋንጫ ወሰዱ። በ2010 መጀመሪያ በውሰት ወደ ቦልተን ሄዶ 14 የሊግ ጨዋታ አደረገ፤ በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ በ18 ዓመቱ ለእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን ተሰለፈ።

የሰው ሁሉ አፍ የተከፈተው ግን ፌብሩዋሪ 16 ቀን 2011 ነው። አርሰናል በሻምፒዮንስ ሊግ ባርሴሎናን በሜዳው ገጠመ። ዊልሼር 19 ዓመት ከሞላው ገና ሁለት ወር አልሆነም። ከፊቱ የቆሙት ዣቪ፣ ኢንየስታና ቡስኬትስ ናቸው፤ ሦስቱም ከሰባት ወር በፊት ከስፔን ጋር የዓለምን ዋንጫ ያነሡ። ባርሴሎና በዴቪድ ቪያ ግብ ቢመራም ቫን ፔርሲ በ78ኛው፣ አርሻቪን በ83ኛው ደቂቃ አግብተው አርሰናል 2 ለ 1 አሸነፈ። ጨዋታውን በቪዲዮ ያየ ሰው ግቦቹን ሊረሳ ይችላል፤ የዊልሼርን አዟዟር ግን አይረሳም። ኳሷ ገና በመንገድ ላይ ሳለች ትከሻውን ዘወር አድርጎ ከኋላው ያለውን ያያል። ከዚያ በግራ እግሩ በአንድ ንክኪ ተቀብሎ ግማሽ ይዞራል፤ ሊይዘው የመጣው ሰው ከጀርባው ይቀራል። አብዶ ለመሥራት ብሎ አይደለም፤ ለቡድኑ መንገድ ለመክፈት ነው። አሥር ሰው ሊጫነው ሲመጣ የሚደነግጥ ቡድን አንድ እንዲህ ያለ ልጅ ሲኖረው ይተነፍሳል።

ሁለተኛውን ጨዋታ ባርሴሎና 3 ለ 1 አሸንፎ አርሰናልን ከውድድሩ አስወጣ። ይህን የሚያነሣ ቲፎዞ ግን ከስንት አንድ ነው። እኛ መምህራን ለመሆን የምንዘጋጅ ሰዎች እዚህ ላይ ቆም ብለን ማሰብ አለብን፤ አንድ የፈተና ወረቀት ምንም ያህል ድንቅ ቢሆን አንድ የፈተና ወረቀት ነው። የዊልሼርን ሕይወት ሙሉ በዚያች አንድ ማታ የሚለካ ሰው፣ ተማሪውን በአንድ የሒሳብ ፈተና «ሊቅ» ብሎ ስም እንደሚያወጣ መምህር ነው። በእርግጥ የዚያ ዓመት ማስረጃ አንድ ማታ ብቻ አልነበረም። በ2010-11 የውድድር ዘመን 35 የሊግ ጨዋታዎች፣ በጠቅላላው ለአርሰናል 49 ጨዋታዎች ተሰልፎ በእንግሊዝ ተጫዋቾች ማኅበር የዓመቱ ምርጥ ወጣት ተብሎ ተመርጧል።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በ2011 ክረምት ለአዲሱ ዘመን ዝግጅት ላይ ሳለ ቁርጭምጭሚቱን ተጎዳ፤ ቀዶ ጥገና ተደረገለት፤ የ2011-12ን ዘመን አንዴም ሳይሰለፍ አሳለፈው። የተመለሰው ኦክቶበር 2012 ነው። ማርች 2014 ከዴንማርክ ጋር በተደረገ የወዳጅነት ጨዋታ የእግሩ አጥንት ተሰነጠቀ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ከማንቸስተር ዩናይትድ ጋር ሲጫወቱ ቁርጭምጭሚቱ እንደገና ተጎዳ። በ2015 ከጉልበቱ በታች ያለው ቀጭኑ አጥንት ተሰነጠቀ። በ2017 በውሰት ቦርንማውዝ ሳለ ደግሞ እግሩ ተሰበረ።

ቁጥር የምትወዱ እርሳሳችሁን አንሡ። ከ2010-11 እስከ 2017-18 ድረስ ስምንት የውድድር ዘመናት አሉ። አንድ የፕሪምየር ሊግ ቡድን በዘመን 38 ጨዋታ ስለሚያደርግ ድምሩ 304 ይሆናል። ዊልሼር በእነዚህ ዘመናት በሊጉ ለአርሰናል በቅደም ተከተል 35፣ 0፣ 25፣ 24፣ 14፣ 3፣ 2 እና 20 ጊዜ ተሰልፏል፤ 123 መሆኑ ነው። በ2016-17 ለቦርንማውዝ የተሰለፈባቸውን 27 ስንጨምርበት 150 ይሆናል። 150 ለ304 ሲካፈል ከመቶ 49 ገደማ ይመጣል። ተቀይሮ የገባባቸው ደቂቃዎች እንኳ እንደ ሙሉ ጨዋታ ተቆጥረው ማለት ነው። እንግዲህ በስም መጥሪያችን ላይ ስምንት ዓመት ሙሉ ከሁለት ቀን አንዱን የቀረ ተማሪ ቢኖረን ምን እንላለን? ውጤቱ ዝቅ ቢል «ሰነፍ ነው» ብሎ የሚጽፍ መምህር አለ። «ለምን ቀረ?» ብሎ የሚጠይቅም አለ። ቀሪ መብዛቱና ችሎታ ማነሱ በአንድ ዓምድ ውስጥ ሊገቡ አይችሉም።

አሁን ወደ ቃሉ እንመለስ። በቋንቋችን «ተስፋ የሰጠ ልጅ» ከምንለው ይልቅ «ተስፋ የተጣለበት ልጅ» የምንለው ይበዛል። ልብ በሉ፤ ተጣለበት ነው የሚባለው። ግብር ይጣልበታል፣ ቅጣት ይጣልበታል፣ ተስፋም ይጣልበታል። ጣዩ ሌላ፣ ተሸካሚው ሌላ! ዊልሼር በዘጠኝ ዓመቱ አካዳሚ ሲገባ ለማንም ቃል የገባው ነገር የለም። የወደፊት የእንግሊዝ አምበል ነው ያሉት ሌሎች ናቸው። ስለዚህ «ተስፋውን ፈጸመ ወይ?» ብሎ መጠየቅ የሌላ ሰው ዕዳ ከልጁ ኪስ እንደ መፈለግ ይመስለኛል። ይህን ስል አንዱ የመኝታ ክፍላችን ልጅ «ታዲያ ደመወዙንም አልወሰደማ!» ብሎኛል። አባባሉ አስቆኛል፤ ደመወዝ ግን ለተሠራ ሥራ እንጂ ሰው ላሰበልን ነገር አይከፈልም ብዬ መልሼለታለሁ። እርሱ ግን አልተቀበለኝም።

ወደ ሜትሮቹ እንሂድ። «አልሆነም» የሚሉት ዊልሼርን የሚለኩት በ2011 ሰዎች በአእምሯቸው ከሳሉት ሌላ ዊልሼር ጋር ነው። ያ ሰው ተሰልፎ አያውቅም፣ ተጎድቶም አያውቅም፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ያሸንፋል። «ሆኗል» የሚሉት ደግሞ ከእኩዮቹ ጋር ያወዳድሩታል። ይህ ሜትር ቢያንስ የሚጨበጥ ነው። የ2009ኙን የወጣቶች ዋንጫ ካነሣው ቡድን ውስጥ ለአርሰናል ዋና ቡድን ከመቶ ጊዜ በላይ የተሰለፉት እርሱና ፍራንሲስ ኮክላን ብቻ ናቸው። ዊልሼር 197 ጊዜ ተሰልፎ 14 ግብ አግብቷል፤ በ2014 እና በ2015 የኤፍ ኤ ዋንጫን አንሥቷል፤ ለእንግሊዝ 34 ጊዜ ተጫውቷል። ኦክቶበር 2013 ኖርዊች ላይ ከካዞርላና ከዢሩ ጋር በአንድ ንክኪ ተቀባብሎ ያገባት ግብ በቢቢሲ የዘመኑ ምርጥ ግብ ተብላለች። አካዳሚ ከገባ ልጅ ሁሉ ስንቱ ይህን ያገኛል? ሆኖም በዚህ ሜትር ብቻ የሚለካ ሰውም ይሳሳታል፤ ምክንያቱም የክፍሉ አንደኛ መሆን ለመደበኛው መስፈርት ማለፍ ማለት አይደለም። ሁላችንም ደካማ ክፍል ውስጥ አንደኛ የወጣ ተማሪ አይተናል።

ጥፋተኛ ፍለጋው ላይ ብዙ አልቆይም። ቬንገር በልጅነቱ አደከመው የሚለው ሐሳብ አሳማኝ ይመስላል፤ 49 ጨዋታ ለ19 ዓመት እግር ብዙ ነው። ነገር ግን በዚያው አሠልጣኝ ሥር ሴስክ ፋብሬጋስ በ2006-07፣ በ19 ዓመቱ፣ ሠላሳ ስምንቱንም የሊግ ጨዋታዎች ተሰልፎ ከዚያ በኋላ ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ተጫውቷል። አንድ ዓይነት ሸክም ሁለት ሰው ላይ አንድ ዓይነት ውጤት አያመጣም። በ2013 ሲጋራ ይዞ የታየበትን ፎቶግራፍ የሚያነሡም አሉ፤ እረ ባካችሁ፣ ቁርጭምጭሚት በሲጋራ አይሰነጠቅም። በበኩሌ የአጨዋወቱ ጠባይ ይበልጥ ይታየኛል። ዊልሼር ተጋጣሚው እስኪጠጋው ጠብቆ በመጨረሻዋ ቅጽበት ነበር የሚያመልጠው። የዘገየው ተከላካይ ኳሷን ሲያጣ እግሩን ያገኛል። ያስደነቀንም ያስጎዳውም ያው አንድ ነገር ነው ማለት ነው። አሠልጣኙ ይህን ልማድ ቢያስተወው ኖሮ እግሩ ይተርፍ ነበር ይሆናል፤ ግን ያን ጊዜ ስለ ማን እንከራከር ነበር?

ከዚህ ጋር አሮን ራምዚን አያይዤ ላንሣ። እርሱም በ19 ዓመቱ፣ ፌብሩዋሪ 2010፣ ስቶክ ላይ እግሩ ክፉኛ ተሰበረ። ሲመለስ ለረጅም ጊዜ ቲፎዞው ያጉረመርምበት ነበር። በ2014 የኤፍ ኤ ዋንጫ ፍጻሜ በጭማሪ ሰዓት የማሸነፊያዋን ግብ ያገባው እርሱ ነው፤ በ2017ም በቼልሲ ላይ ደገመው። በ2011 «ከሁለቱ ማን ይደርሳል?» ተብሎ እጅ ቢወጣ ከመቶ ዘጠናው ዊልሼርን ይል እንደነበር አልጠራጠርም።

ስለ ልደት ቀንም አንድ ነገር ጣል ላድርግ። በዓለም አቀፍ የታዳጊዎች ውድድር ዕድሜ የሚከፈለው በጃንዋሪ 1 ስለሆነ ዊልሼር ከእኩዮቹ ሁሉ ታላቅ ነበር። ራምዚ ዲሴምበር 26 ቀን 1990 የተወለደ በመሆኑ ከሞላ ጎደል የመጨረሻው ታናሽ ነው። በ1980ዎቹ በካናዳ የበረዶ ሆኪ ተጫዋቾች ላይ የተደረገ ጥናት በዓመቱ መጀመሪያ ወራት የተወለዱት ልጆች በብዛት እንደሚመረጡ አሳይቷል፤ አሥር ወር የሚበልጥ ልጅ ረዘም ጠንከር ስለሚል «ተሰጥኦ አለው» ይባላል። የእንግሊዝ አካዳሚዎች በትምህርት ዘመን፣ ከሴፕቴምበር ጀምሮ ስለሚቆጥሩ የዊልሼር መመረጥ በዚህ ብቻ አይገለጽም። በእኛ የገጠር አንደኛ ክፍል ግን የሰባትና የአሥር ዓመት ልጅ በአንድ ወንበር ይቀመጣሉ። ፈጥኖ እጁን የሚያወጣውን ልጅ «ጎበዝ» ከማለታችን በፊት ዕድሜውን ብንጠይቅስ?

ዊልሼር በ2018 አርሰናልን ለቆ ወደ ዌስት ሃም ሄደ፤ እዚያም ብዙ አልተሰለፈም። ጁላይ 2022፣ በ30 ዓመቱ፣ መጫወት አቆመና በዚያው ወር የአርሰናል ከ18 ዓመት በታች ቡድን አሠልጣኝ ሆነ። ከሁለት ወር ጥቂት በኋላ፣ ሴፕቴምበር 18 ቀን፣ ኤታን ንዋኔሪ የተባለ ልጅ በ15 ዓመት ከ181 ቀኑ ለአርሰናል ተሰልፎ የዊልሼርን የዕድሜ ሪከርድ ሰበረ። በፕሪምየር ሊግ ታሪክም እስከዚያ ድረስ ከእርሱ ያነሰ አልነበረም። በ2023 የዊልሼር ቡድን ለወጣቶች ዋንጫ ፍጻሜ ሲደርስ ይኸው ልጅ ከተሰላፊዎቹ አንዱ ነበር፤ ዌስት ሃም 5 ለ 1 አሸነፋቸው። ዊልሼር በ2024 መጨረሻ ወደ ኖርዊች ረዳትነት ተዛወረ። ኦክቶበር 2025 ላይ ደግሞ በሕፃንነቱ ኳስ የጀመረበት ሉተን ታውን ዋና አሠልጣኝ አድርጎ ሾመው።

ከእኔ የተለየ ሐሳብ ያላችሁ፣ በተለይ ደመወዙን ያነሣኸው ወንድሜ፣ ለሚቀጥለው እትም ጽፋችሁ ለዝግጅት ክፍሉ ስጡ። ስትጽፉ ግን የምትለኩበትን ሜትር በመጀመሪያው መስመር ላይ አስቀምጡልን።