የብር የመግዛት አቅም መቀነስና የእጅ ስልክ ዋጋ

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን አደረገ። 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ ዶላር የባንክ ዋጋ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚህ በመነሣት የስልክ ዋጋም እጥፍ ይሆናል ብሎ መደምደም ግን አያስኬድም።

ከለውጡ በፊት በትይዩ ገበያ የዶላር ዋጋ የባንኩን እጥፍ ያህል ነበር። አንድ አስመጪ ዶላሩን ከዚያ በ115 ብር ገዝቶ ባለ 100 ዶላር ስልክ አስገባ እንበል፤ ወጪው 11,500 ብር ነው። ጉምሩክ ግን ቀረጡን የሚያሰላው በባንክ ተመን ነው። ቀረጥና ታክሱ በድምሩ 30 በመቶ ቢሆን፣ በ57.50 ብር ተመን 1,725፣ በ115 ብር ተመን ደግሞ 3,450 ብር ይሆናል። ጠቅላላ ወጪው ከ13,225 ወደ 14,950 ብር ከፍ ሲል ጭማሪው 13 በመቶ ብቻ ነው። ቀድሞ ዶላር ከባንክ ያገኝ ለነበረው አስመጪ ግን ወጪው በትክክል እጥፍ ይሆናል።

ከጎንደር ከተማ በስተ ሰሜን በምትገኘው ወለቃ የምትሠራ ሸክላ ሠሪ አፈሩን የምታገኘው ከአካባቢዋ ነው፤ የምርቷ ዋጋ ዶላርን ተከትሎ የሚያድግበት ቀጥተኛ መንገድ የለም። ስለዚህ 13 በመቶውም ቢሆን ለእርሷ ተጨማሪ የሥራ ቀናት ማለት ነው። የምንዛሪ ለውጥን ጫና የሚለካ ተመራማሪም አስመጪው ዶላሩን ከየት እንዳገኘና የገዢው ገቢ በምን እንደሚወሰን አስቀድሞ ሊጠይቅ ይገባል።