ያልተጻፈ ሥራ እንቅልፍ ይነሳል



ውድ አንባቢያን፣ «ምነው ፊትህ ጠቆረ? ምን ያስጨንቅሃል?» ተብለን ስንጠየቅ የብዙዎቻችን መልስ አንድ ነው፤ «ሥራ በዛብኝ» እንላለን። እኔም ለዓመታት ይህንኑ ስል ኖሬአለሁ። በዛሬው ጽሑፌ ግን ከዚህ የተለየ ሐሳብ ይዤ ቀርቤአለሁ። ሰውን ይበልጥ የሚያደክመው የሚሠራው ሥራ ሳይሆን፣ ሳይሠራው በጭንቅላቱ ተሸክሞት የሚዞረው ሥራ ነው። መጻሕፍት ከማገላበጤ በፊት ይህንን ያስተማረኝ በገዛ ቤቴ የደረሰ ነገር በመሆኑ፣ ከዚያው ልጀምር።

ሙያዬ የሂሳብ ሥራ ነው። መርካቶ ውስጥ የሰባት ነጋዴዎችን መዝገብ እይዛለሁ። ሐምሌ ሲገባ የግብር ወቅት ነውና ሰባቱም በአንድ ጊዜ ይፈልጉኛል። አንዱ የጠፋ ደረሰኝ እንድፈልግለት ያዘኛል፤ ሌላው መንገድ ላይ አስቁሞኝ «የእኔ ጉዳይ ከምን ደረሰ?» ይላል፤ ሦስተኛው በእራት ሰዓት ይደውላል። ለሁሉም «እሺ፣ ኢንሻ አላህ» እያልኩ አልፋለሁ። የሰውን ገቢና ወጪ እስከ ሳንቲሙ በመዝገብ የማሰፍር ሰው፣ የራሴን ጉዳይ ግን የምይዘው በቃሌ ነበር።

በአንዱ ሐምሌ እናቴ የደም ግፊት መድኃኒቷ እንዳለቀ ነገረችኝ። «ልጄ፣ ማታ ስትመለስ ይዘህልኝ ና» አለችኝ። መድኃኒት ቤቱ ታክሲ በምይዝበት መንገድ ላይ ነው፤ በቀን ሁለት ጊዜ በደጃፉ አልፋለሁ። ያን ቀን ረሳሁ። በማግስቱም ረሳሁ። በሦስተኛው ሌሊት ነገሩ ትዝ ብሎኝ ከእንቅልፌ ባነንኩና «ነገ ጠዋት» ብዬ ተመልሼ ተኛሁ። ነጋ፤ ስልኩ ጮኸ፤ እንደገና ረሳሁ። እናቴም ልጄን አላስቸግር ብላ ዳግመኛ አልጠየቀችኝም። በአራተኛው ቀን ለዙህር ሶላት ውዱእ ልታደርግ እንደተነሳች አዙሯት ወደቀች።

ጎረቤት ደውሎልኝ ሐኪም ቤት አደረስናት። አልሐምዱ ሊላህ፣ ተረፈች። ሐኪሟ «መድኃኒቱን ለምን አቋረጡት?» ብላ ስትጠይቃት እኔ አጠገቧ ቆሜ ነበር። እናቴ ወደ እኔ ሳትመለከት «እኔው ረስቼው ነው» አለች። ልጇን ከሰው ፊት ላለማሳፈር የተናገረችው ያ ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

እንግዲህ ልብ በሉ። ጊዜ አጥቼ አልነበረም። መድኃኒት ለመግዛት የሚፈጀው አምስት ደቂቃ ነው፤ ከዚያው መድኃኒት ቤት ደጃፍ ላይ ቆሜ ለሩብ ሰዓት ስልክ ያወራሁበት ቀን ሁሉ ነበር። ያጣሁት ጊዜ ሳይሆን፣ ነገሩን የማስቀምጥበት ቦታ ነው።

ለመሆኑ ይህ ለምን ይሆናል? ዋልተር ካነን የተባለው አሜሪካዊ የፊዚዮሎጂ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1915 ባሳተመው መጽሐፉ፣ ሰውነት አደጋ ሲያጋጥመው ከኩላሊት በላይ የተቀመጡት ዕጢዎች አድሬናሊን እንደሚለቁ፣ በዚህም ልብ በፍጥነት እንደሚመታና ሰውነት ለመታገል ወይም ለመሸሽ እንደሚሰናዳ ገልጿል። ይህ ጉዳት አይደለም፤ ከጅብ ያስመልጣል። እ.ኤ.አ. በ1936 ደግሞ በካናዳ ይሠራ የነበረው ሃንስ ሰልዬ፣ ጫና ሳይነሳላቸው የቆዩ አይጦች የጨጓራ ቁስለት እንደሚይዛቸውና ሌላም የውስጥ አካላቸው እንደሚጎዳ ጻፈ። ልዩነቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ከጅብ ያመለጠ ሰው ቤቱ ገብቶ በሩን ሲዘጋ ልቡ ይመለሳል። ያላለቀ ጉዳይ ግን በር አይዘጋበትም፤ አልጋ ድረስ ተከትሎ ይገባል።

ያላለቀ ነገር እንደሚከተል ያሳየች አንዲት ተመራማሪም ነበረች። ማሪያ ኦቭሲያንኪና እ.ኤ.አ. በ1928 ባወጣችው ጥናት ሰዎች የጀመሩትን ሥራ በመሃል እንዲያቋርጡ አደረገች። ከዚያ ነፃ ጊዜ ስትሰጣቸው፣ ማንም ሳያዛቸው አብዛኞቹ ወደ ተቋረጠው ሥራ ተመለሱ። የሰው ልቦና የጀመረውን ለመጨረስ ይጎተታል ማለት ነው። ሰባት ነጋዴ፣ አንዲት እናት፣ የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያና የሚያፈስ ጣሪያ በአንድ ጊዜ ሲጎትቱት ግን፣ ሰው ወዴትም ሳይሄድ ባለበት ቆሞ ይደክማል።

ታዲያ መፍትሔው ሁሉንም መጨረስ ነውን? ቢሆንማ ማናችንም በሕይወት ሳለን ዕረፍት አናገኝም ነበር። ደግነቱ አእምሮ የሚጠይቀው ከዚህ ያነሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ ቴክሳስ በሚገኘው በቤይለር ዩኒቨርሲቲ ማይክል ስኩሊንና ባልደረቦቹ 57 ወጣቶችን በሁለት ከፍለው፣ ከመኝታ በፊት ለ5 ደቂቃ እንዲጽፉ አደረጉ። ግማሾቹ የጻፉት በመጪዎቹ ቀናት የሚጠብቃቸውን ሥራ ነው፤ ሌሎቹ የጻፉት ያጠናቀቁትን ነው። የሚጠብቃቸውን የጻፉት ከሌሎቹ በአማካይ በ9 ደቂቃ ቀድመው እንቅልፍ ወሰዳቸው። የሚደንቀው ነገር ሥራቸው በአንድም አልቀነሰም፤ ከጭንቅላት ወደ ወረቀት ተዛወረ እንጂ። ዝርዝሩን ይበልጥ ለይተው የጻፉት ደግሞ ይበልጥ ፈጥነው ተኙ።

መጻፍ ብቻውን ግን በቂ አይደለም። «መድኃኒት መግዛት» ብሎ የጻፈ ሰውም ሊረሳ ይችላል። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ፒተር ጎልዊትዘር ከባልደረባው ጋር እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተመው ጥናት፣ አንድን ሥራ መቼና የት እንደሚሠሩት አስቀድመው የወሰኑ ተማሪዎች፣ «እሠራዋለሁ» ብለው ብቻ ካሰቡት ይልቅ ከእጥፍ በላይ ሆነው ፈጽመውት ተገኙ። እኛ ሙስሊሞች በዚህ በኩል ሌላው የሚቸገርበት ነገር ተሰናድቶልናል። ቀናችን በአምስት ወቅት የተከፈለ ነው። አዲስ አበባ ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗም የመግሪብ ሰዓት በዓመት ውስጥ የሚለዋወጠው ከአንድ ሰዓት ባነሰ ነው። ስለዚህ «ከዓስር ሶላት ወጥቼ፣ ታክሲ ሳልይዝ፣ ከመድኃኒት ቤቱ እገባለሁ» ብሎ የጻፈ ሰው፣ አዛኑ ራሱ ያስታውሰዋል።

እኔ የምሠራበትን መንገድ በአጭሩ ልንገራችሁ። ከዒሻ በኋላ አንዲት ትንሽ ደብተር ይዤ እቀመጥና በጭንቅላቴ የሚዞረውን ሁሉ ሳልመርጥ አሰፍራለሁ። ቀጥሎ በእያንዳንዱ ፊት ወቅት እጽፋለሁ። ከባድ ስሌት ከዙህር በፊት ይሠራል፤ አእምሮ ያልደከመበት ሰዓት ነውና ስልኬም ያኔ ይዘጋል። ከዙህር እስከ ዓስር ከሰው ጋር መገናኛና መደወያ ነው። ከዓስር በኋላ የመንገድ ጉዳይ ነው። ወቅት ያላገኘለት ነገር ለማግስት ይተላለፋል። ከዚያ ደብተሩን ዘግቼ እተኛለሁ። ይኸው ነው፤ አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

ደብተሩ ያጋለጠብኝ አንድ ሌላ ነገርም አለ። በመጀመሪያው ሳምንት ስጽፍ ለአንድ ሐሙስ ብቻ ለአራት ሰዎች ቃል ገብቼ ተገኘሁ። በቃሌ ስይዘው ይህ አይታየኝም ነበር። «ኢንሻ አላህ» እያልኩ ያለፍኳቸው ብዙዎቹ፣ እንደማልችል እያወቅሁ ለማለት ያፈርኩባቸው ነበሩ። «ኢንሻ አላህ» ማለት ቁርጥ ሐሳብ ይዞ ፍጻሜውን ለአላህ መስጠት እንጂ የእምቢታ መሸፈኛ አይደለም። ዛሬ «ለሐሙስ አልችልም፤ ሰኞ ከዙህር በፊት ግን አደርስልሃለሁ» እላለሁ። አንዱ ነጋዴ ተቀይሞኝ ነበር። ሰኞ ሥራውን በእጁ ሲያገኝ ግን ቅያሜው አልቆየም።

ይህን የሚያነብ ሰው «ወረቀት የቤት ኪራይ ይከፍላልን? የዘይት ዋጋ ያወርዳልን?» ሊለኝ ይችላል። እውነት ነው፤ አይከፍልም፤ አያወርድምም። የኑሮ ውድነት በደብተር አይድንም። ነገር ግን በእጃችን ያለውንና የሌለውን ለይቶ ያሳየናል። ኪራይ መናሩ በእጄ አይደለም፤ አከራዩን ከወር መጨረሻ በፊት ቀድሞ ማነጋገር ግን በእጄ ነው። የመጀመሪያው ወደ ዱዓ፣ ሁለተኛው ወደ ደብተር ይሄዳል።

ይህ መለየት አዲስ ነገር አይደለም። ዛሬ አፍጋኒስታን በሆነችው አገር፣ በበልኽ አካባቢ የተወለደውና በ322 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. በ934) የሞተው አቡ ዘይድ አል-በልኺ «መሷሊሕ አል-አብዳን ወል-አንፉስ» የተሰኘ መጽሐፍ ጽፏል። አንዱ ክፍል ስለ አካል፣ ሌላው ስለ ነፍስ ጤና ነው። በነፍስ ክፍሉ ቁጣን፣ ፍርሃትን፣ ሐዘንንና ወስዋስን ለየብቻ እያነሳ ያክማል። ከምክሮቹ አንዱን በራሴ አባባል ላስቀምጠው፤ ጤነኛ ሰው ለድንገተኛ ሕመም መድኃኒት በቤቱ እንደሚያኖር ሁሉ፣ ልቡ በተረጋጋበት ሰዓትም ለጭንቅ ቀን የሚሆነውን ሐሳብ አስቀድሞ ያኑር ይላል። ከዒሻ በኋላ የምከፍታት ደብተር ለእኔ ያቺው የመድኃኒት ሣጥን ናት። በረጋ ልብ የወሰንኩትን በማግስቱ በግርግር መሃል አውጥቼ እጠቀምበታለሁ።

አል-በልኺ ሐዘንንም በሁለት ይከፍለዋል፤ ምክንያቱ የሚታወቅና ምክንያቱ የማይታወቅ ብሎ። ሁለተኛው ከአካል የሚመነጭ ስለሆነ የአካል ሕክምና ይሻል ይላል። እኔም በዚህ ላይ አደራ የምለው ነገር አለ። እንቅልፍ ከሳምንታት በላይ ከራቀን፣ ምግብ ካስጠላን፣ የምንወደው ሁሉ ጣዕም ካጣብን፣ ወይም መኖር ካስጠላን ጉዳዩ የደብተር አይደለም፤ የሐኪም ነው። ለሁለተኛው ስንዘገይ የምንጎዳው የገዛ ራሳችንና ቤተሰባችንን ነው። ለግፊት መድኃኒት መውሰድ እንደማያሳፍር ሁሉ፣ ለዚህም ሐኪም ማየት አያሳፍርም።

ውድ አንባቢያን፣ «ሥራ በዛብኝ» ስንል የሚጎዳው ብዙ ጊዜ ሥራው አይደለም። ነጋዴው በየቀኑ ይደውላል፤ አለቃም ይቆጣል፤ ስለዚህ እነርሱ አይረሱም። የሚረሳው ዝም የሚለን ሰው ነው። እናት ናት፤ የትዳር ጓደኛ ነው፤ «አባዬ ሥራ ላይ ነው» ተብሎ ተመልሶ የሚሄድ ልጅ ነው። ስለዚህ ዛሬ ማታ ወረቀት ስታወጡ፣ ከሚጮኹት በፊት የማይጮኹትን ጻፉ።

የእናቴ መድኃኒት ሊያልቅ አሥር ቀን ሲቀረው፣ «ከዓስር በኋላ» ተብሎ በደብተሬ ላይ ይሰፍራል። እናቴ ስለዚያ ቀን አንሥታ አታውቅም፤ እኔም አልጠየቅኋትም። ባለፈው ግን ከረጢቱን ስሰጣት ተቀብላኝ «ገና አላለቀም እኮ» አለችኝና ሳቀች።